ውርጭ የማይደፍረው የጓሮ ዓሣና አትክልት ቤት፦ አኳፖኒክስ በደብረ ብርሃን ብርድ

በአማርኛ ክረምት ሲባል ዝናብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃና ጉም። የፈረንጅ መመሪያዎች «ክረምቱን ሙሉ የሚሞቅ ግሪን ሃውስ» ሲሉ ግን የሚያወሩት ስለ በረዶ ወቅትና ስለ አጭር ቀን ነው። እነሱን እንዳለ መገልበጥ ደብረ ብርሃን ላይ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። እኛ ያለብን ብርድ ሌላ ነው፤ ያውም ሁለት ዓይነት።

አንዱ የበጋው ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል። ቀን ጃኬት የሚያስወልቅ ፀሐይ ይወጣል፣ ሌሊት ደግሞ ጓሮ የተረሳ ባልዲ ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል። ሌላው የክረምቱ ደመና ነው። ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም፤ ቀኑ ግን አይሞቅም። ውርጭ በአንድ ሌሊት ይገድላል፣ ደመና በሳምንታት ያደክማል። አኳፖኒክስ ስትሠሩ፣ ማለትም ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ የሚያድጉበትን ቤት ስታቅዱ፣ ሁለቱንም አስቡ፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አየሩን ለማሞቅ አትድከሙ። ውሃውን በቀን ፀሐይ አሙቁት፣ ሌሊት ደግሞ ከሰማይ ጋርዱት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ለአዲስ ሰው አሠራሩ ይሄ ነው። ዓሣው ይበላል፣ ይጸዳዳል፣ ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይጠራቀማል። አትክልቱ በተተከለበት ጠጠር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬት ለአትክልት ማዳበሪያ ነው። አትክልቱ ያነሳዋል፣ ውሃው ተጣርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። ስለዚህ እዚያ ቤት ውስጥ የምታሞቁት ሦስት ነፍስ ነው፤ ዓሣ፣ አትክልትና ባክቴሪያ። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ይረሳል። ባክቴሪያው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይፈጥናል፣ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን በጣም ይዘገያል። ዓሣው ብርዱን ቢችል እንኳ ቆሻሻውን የሚያጸዳለት ይጠፋል።

መጀመሪያ ለኩ

ፕላስቲክ ከመግዛታችሁ በፊት የሌሊቱን ዝቅተኛና የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት መዝግቦ የሚያስቀር ቴርሞሜትር ግዙ። ቤቱ ሊሠራ የታሰበበት ቦታ ላይ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው ሸፍናችሁ ስቀሉት። በየቀኑ ጠዋት ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ከኅዳር እስከ ጥር ብትመዘግቡ ጥሩ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ቢያንስ ሦስት ሳምንት።

አንድ ከተማ ውስጥ ሆኖ ግቢ ከግቢ ይለያያል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል። የግቢያችሁ ታችኛው ጥግ ላይ ያለው ሣር ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ ያለው አረንጓዴ ሆኖ ሊያድር ይችላል። ሌላም ነገር አስተውሉ። ዛፍ ሥር ያለውን ሣር ውርጭ ብዙም አይመታውም። ሜዳው ላይ ያለውን ይመታዋል። ምክንያቱም መሬት በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይሰድዳል፤ ቅጠሉ መሐል ገብቶ ይመልሰዋል። ይሄን ምስል ያዙት። በኋላ መጋረጃው ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ጠዋት የመጀመሪያው ፀሐይ የሚያርፍበትን ቦታም ምልክት አድርጉ። ብርዱ የሚጠነክረው ንጋት ላይ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። በምሥራቅ በኩል የጎረቤት ባህር ዛፍ ተሰልፎ ፀሐዩን እስከ 3 ሰዓት ካዘገየባችሁ፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ሙቀት ተቀማችሁ ማለት ነው።

ዓሣውን ቴርሞሜትሩ ይምረጥላችሁ

ሁሉም ሰው ቆሮሶ ይፈልጋል። ቲላፒያ የምንለው ማለት ነው። ጣፋጭ ነው፣ ገበያ አለው፣ በተለይ በዐቢይ ጾም። ግን የሞቃት ውሃ ፍጡር ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲያገኝ ያድጋል። ከ20 በታች እድገቱ ይጎተታል። ወደ 16 ሲወርድ መብላት ያቆማል። 10 እና 12 ዲግሪ አካባቢ ይሞታል። አምባዛም ሙቀት ወዳድ ነው። አምባዛ አንድ ጥቅም አለው፤ ከአየር መተንፈስ ይችላል።

ካርፕ ሌላ ነው። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይመቸዋል፤ ውሃው 8 ዲግሪ ቢወርድም ታች ተኝቶ ያልፋል። ባሌ ተራሮች ላይ ትራውት የሚባለው ዓሣ የለመደባቸው ወንዞች አሉ፤ ትራውት ግን ኦክስጅን የሞላው ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ይፈልጋል፣ ጓሮ ታንከር ውስጥ ለጀማሪ አልመክርም።

የኔ ምክር ግልጽ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ካርፕ ያዙ። ዓመቱን ሙሉ የውሃችሁን ሙቀት መዝግቡ። ከ20 ዲግሪ በታች እንደማይወርድ በቁጥር ስታረጋግጡ ወደ ቆሮሶ እለፉ። ሰው ከተቃራኒው ሲጀምር ነው ጥር ላይ ሬሳ የሚለቅመው።

የዓሣ ጫጩት ለማግኘት ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቁ። ባሕር ዳርም ተመሳሳይ ማዕከል አለ። ከሐይቅ የተያዘ ዓሣ አምጥቶ መክተት በሽታም ይዞ ይመጣል፣ እድሜውና ዘሩም አይታወቅም።

ከፍታው ኦክስጅን ይበላል

ይሄን የውጭ መመሪያ አይነግራችሁም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ አካባቢ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባሕር ወለል ላይ በሊትር እስከ 9 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ ጣራው 6.4 ገደማ ነው። ዓሣም ባክቴሪያም ከ5 በታች ሲሆን ይጨናነቃሉ። ስለዚህ ያላችሁ ትርፍ ጠባብ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። በ1,000 ሊትር ውሃ ከ10 ኪሎ በላይ ዓሣ አትያዙ፤ ሌላ ቦታ 20 ኪሎ የሚል ብታነቡም። የአየር ፓምፕም ሌሊትም ቀንም አይጥፋ። ፓምፑ አየር የሚስበው ከግሪን ሃውሱ ውስጥ ይሁን። ውጭ አስቀምጣችሁት የውርጭ አየር ውሃ ውስጥ የሚነፋ ከሆነ በገዛ እጃችሁ ታንከሩን እያቀዘቀዛችሁ ነው።

ልኩን ወረቀት ላይ ጨርሱ

አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ልክ ልስጣችሁ። ወለሉ 4 በ6፣ ማለትም 24 ካሬ ሜትር። የዓሣ ታንከር 2,000 ሊትር። የጠጠር መደብ በድምሩ 6 ካሬ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር። በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ጥቁር የተቀቡ ስምንት የ200 ሊትር በርሜሎች፣ ውሃ የተሞሉ። የበርሜሉ ውሃ ከዓሣው ውሃ ጋር አይገናኝም። ሥራው ቀን ሙቀት መጠጣት፣ ሌሊት መትፋት ብቻ ነው። ታንከሩ፣ በርሜሉና መደቡ ውስጥ ያለው ውሃ ሲደመር 4,000 ሊትር ገደማ ይሆናል።

ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። 2,000 ሊትር 20 ኪሎ ዓሣ ይይዛል፤ 400 ግራም የሚመዝኑ 50 ዓሦች ማለት ነው። 20 ኪሎ ዓሣ በቀን ከክብደቱ 1.2 በመቶ ቢበላ 240 ግራም መኖ ነው። ቅጠላ ቅጠል በካሬ ሜትር በቀን የ40 ግራም መኖ ያህል ቆሻሻ ማንሳት ይችላል። 240 ለ40 ሲካፈል 6 ካሬ ሜትር። መደቡ የተለካው በዚህ ነው። ዓሣ ለመጨመር ስታስቡ መደብም ጨምሩ።

አሁን ሙቀቱን እናስላ። 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ሲወርድ 1.16 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ይለቃል። የኛ 4,000 ሊትር ለአንድ ዲግሪ 4.6 ይለቃል። ቤቱ ወደ 35 ካሬ ሜትር ፕላስቲክ አለው እንበል፤ ጣሪያውና የደቡቡ ፊት፣ የምሥራቁን ጎን ሳንቆጥር። ውስጡ ከውጭው በ10 ዲግሪ ይበልጣል እንበል። ፕላስቲኩ አንድ ንብር፣ ማለትም አንድ ሽፋን ብቻ ከሆነ በ12 ሰዓት ሌሊት 25 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያመልጣል። ሁለት ንብር ከሆነ 17። ሁለት ንብር ላይ ጥሩ መጋረጃ ሲጨመር 8 ወይም 9። ሙቀቱ ሁሉ ከውሃ ቢወጣ የመጀመሪያው ከ5 ዲግሪ በላይ ያወርዳል፣ ሁለተኛው 3.6፣ ሦስተኛው ከ2 በታች። ግድግዳውና አፈሩም ስለሚያግዙ እውነተኛው ከዚህ ይሻላል፤ ቀዳዳ ካለ ደግሞ ይብሳል።

በበጋ ቀን እዚህ አንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል። 24 ካሬ ሜትር ከ120 በላይ ነው። ግማሹ በፕላስቲኩ፣ በቅጠሉና በመስኮቱ ቢባክን እንኳ ሌሊት የሚያስፈልገው 9 ብቻ ነው። ስለዚህ በበጋ የፀሐይ እጥረት የለብንም። ያለብን ማቆየት ነው።

ቤቱ

ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን። ጣሪያው ወደ ደቡብ ያዘንብል። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ከፍ ትላለች። አውሮፓ ውስጥ ያለ ሰው በዚያ ወቅት ፀሐዩ አግድም ስለሚመጣበት ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ በመስታወት ይሠራዋል። ለኛ ፀሐይ ከላይ ነው የሚመጣው። ጣሪያው ነው የሚቀበለው። የደቡቡን ፊት ዝቅ አድርጉት፣ 1.2 ሜትር ይበቃል። የሰሜኑ ግድግዳ 3 ሜትር ይሆናል። ጣሪያው 25 ዲግሪ ያዘነብላል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ውስጥ የተጠራቀመው እርጥበት በፕላስቲኩ ተንሸራቶ መውረድ ትቶ ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል፤ ቅጠሉም ይሻግታል።

የሰሜኑ ግድግዳ ፀሐይ እንዲያስገባ አይጠበቅም። ስለዚህ በጭቃና በጭድ በደንብ ወፍራም አድርጋችሁ ሥሩት፤ 40 ሳንቲ ሜትር ጥሩ ነው። ብሎኬት ከሆነ ከውጭ በኩል ነጭ ፎም ለጥፉበትና ለስኑት። ቲቪ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ፎም ማለቴ ነው። ከውስጥ ሲለጠፍ ግድግዳው ሙቀት እንዳይጠጣ ስለሚከለክል ከውጭ ይሁን። የምዕራቡም ጎን ግድግዳ ቢሆን አትጎዱም። ምሥራቁን ግን በፕላስቲክ ተዉት፤ የጠዋቱ ፀሐይ መግቢያ ነው።

አጥና ለዓምድና ለማገር ይበቃል። ፕላስቲኩ ግን ተራ አይሁን። እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ ለግሪን ሃውስ ያልተሠራ ፕላስቲክ በአንድ ዓመት ውስጥ ይፈረካከሳል። ውፍረቱ 200 ማይክሮን የሆነ፣ ፀሐይ እንዳይጎዳው መከላከያ ያለበት ግዙ። ሁለት ንብር አድርጉትና መሐላቸው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አየር ይኑር። ንብሮቹ ከተነካኩ ጥቅሙ ጠፋ። አጥናው ፕላስቲኩን በሚነካበት ቦታ ሁሉ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው እንጨቱ ይበሳዋልና።

በሩን ነፋስ ከማይመታው ጎን አውጡት። ከጣሪያው ከፍተኛ ጫፍ ሥር ደግሞ መስኮቶች ይኑሩ፤ በድምሩ ከወለሉ ስፋት 15 በመቶ ያህል። በበጋ እኩለ ቀን ውስጡ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። መስኮት የሌለው ቤት ጠዋት ውርጭ መትቶት ቀትር ላይ ይቀቀላል።

ታንከሩና አፈሩ

«ታንከሩን ቅበሩት፣ መሬት ይሞቃል» የሚል ምክር በየቦታው አለ። ለበረዶ አገር እውነት ነው። ጥልቅ አፈር ዓመቱን ሙሉ የሚይዘው ሙቀት ግን የአካባቢውን አማካይ የአየር ሙቀት ይጠጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ያ 13 ወይም 14 ዲግሪ ነው። ለካርፕ ይሄ አጥር ነው፤ ከዚያ በታች እንዳይወርድ ይደግፈዋል። ለቆሮሶ ግን መቃብር ነው። 24 ዲግሪ ያደረሳችሁትን ውሃ አፈሩ ቀስ እያለ ይመጥጠዋል።

ስለዚህ ግማሹን ቅበሩት፣ ከሥሩና ከጎኑ ግን 5 ሳንቲ ሜትር ፎም አድርጉበት። ፎም ከሌለ ደረቅ ጭድ የታጨቀበትና በፕላስቲክ በደንብ የተጠቀለለ ጆንያ ይሠራል። ጭዱ ከረጠበ ዋጋ የለውም። ለታንከሩ ሮቶም ይሆናል፣ በብረት ፍርግርግ የታቀፈው የ1,000 ሊትር ነጭ ፕላስቲክም ሁለቱ ተያይዘው ይሆናሉ። ያገለገለ ከሆነ ቀድሞ ምን እንደያዘ ጠይቁ። ምግብ ያልሆነ ነገር የያዘውን አትንኩ። ለታንከሩ ክዳን ሥሩለት፤ ከሚተን ውሃ ጋር ብዙ ሙቀት ይሄዳል።

መጋረጃው

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ላይ ያሰብኩት ቀላል መስሎኝ ነበር። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ አገር ናት። አሮጌ ብርድ ልብሶች ሰብስቤ ማታ ማታ ጣሪያው ላይ ከውጭ አለበስኩት። ሌሊት ጤዛው ወረደባቸው፣ ንጋት ላይ ጤዛው በረዶ ሆነ። ጠዋት ላነሳቸው ስል እንደ ቆርቆሮ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፀሐይ ሲነካቸው ረጠቡ፣ ከበዱ፣ ፕላስቲኩን ቀደዱት። በሦስተኛው ሳምንት ሻገቱ። ዓሦቹ ታች ወርደው ጉንጫቸውን በጭንቅ ያንቀሳቅሱ ነበር። ውሃው 11 ዲግሪ ነበር። ካርፕ ስለነበሩ ተረፉ።

መጋረጃ ከውስጥ ነው መሆን ያለበት፤ እርጥበት የማይጠጣ መሆን አለበት፤ የሚያብረቀርቅ ገጽ ቢኖረው ይመረጣል። አሁን የምጠቀመው ብርማ ፎም ነው፤ ለቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚነጠፈው ስሱ። ከጣሪያው ሥር ሽቦ ወጥሬ በቀለበት አንጠልጥዬዋለሁ። ገመዱን ስስብ እንደ መስኮት መጋረጃ ይዘረጋል። በደቡቡ ፊት በኩል እስከ መሬት ይወርዳል። ጠርዙ ላይ አሸዋ የሞላሁበት ቀጭን የውሃ ጎማ ሰፍቼበታለሁ፣ ቀዝቃዛ አየር ሾልኮ እንዳይገባ።

የዛፉን ሥር ሣር አስታውሱ። መጋረጃው ያ ዛፍ ነው። ውሃውና ቅጠሉ ወደ ሰማይ የሚልኩትን ሙቀት መልሶ ያወርደዋል።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ዝጉት፤ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ። ከመሸ በኋላ መዝጋት ሙቀቱ ከሄደ በኋላ በር መዝጋት ነው። ጠዋት ፀሐይ ጣሪያውን ስትመታ፣ 1 ሰዓት ተኩል ወይም 2 ሰዓት ላይ፣ ክፈቱት። በጣም ውርጭ ባደረበት ቀን ግማሹን ብቻ ከፍታችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ከመጋረጃው በላይ ያለው አየር በረዶ ነው፤ አንዴ ሲወርድ በሶብላውን ያጠቁረዋል።

መደቡና የሌሊቱ ፓምፕ

ለጠጠር ሬድ አሽ የምንለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግሩም ነው። ቀላል ነው፣ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ባክቴሪያ ይወደዋል። ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን በወንፊት ለዩ፤ አቧራው እስኪያልቅ እጠቡት። ሌላ ጠጠር ከሆነ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ የውሃውን ፒኤች (የኮምጣጣነቱን መለኪያ) ከፍ ያደርግባችኋልና ተዉት።

የውሃ ፓምፑ የታንከሩን ውሃ በሰዓት አንድ ጊዜ ወደ መደቡ የሚያዞር ይሁን፤ ለኛ በሰዓት 2,000 ሊትር፣ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍታ መግፋት የሚችል። ማታ ግን አስተካክሉት። ጠጠር ላይ ተዘርግቶ የሚፈስ ውሃ ሰሃን ላይ እንደተበተነ ሻይ ነው፤ ወዲያው ይበርዳል። ከ12 ሰዓት ማታ ጀምሮ በሰዓት ሩብ ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ሰዓት ቆጣሪ አድርጉለት። ባክቴሪያው እርጥበት እስካገኘ ያድራል። የአየር ፓምፑን ግን አትንኩ።

መብራት ይጠፋል። ለአየር ፓምፑ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ምረጡ። 10 ዋት የሚወስድ ከሆነ ለ12 ሰዓት 120 ዋት ሰዓት ነው። 40 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹን እንኳ ሳይጨርስ ያሳድራል። በትንሽ ሶላር አገናኙት።

ለመጀመሪያ ዓመት ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ትከሉ። ብርድ ይችላሉ። በሶብላ፣ ቃሪያና ቲማቲም ውሃው ከሞቀ በኋላ ይምጡ፤ ውጭ ላይ ውርጭ የሚፈጃቸው ስለሆኑ ገበያቸው ጥሩ ነው።

ደመናው ሲመጣ

ሐምሌና ነሐሴ መጋረጃው ብዙ አይረዳችሁም። ደመናው ራሱ ማታ መጋረጃ ነው። ችግሩ ቀን ሙቀት አለመግባቱ ነው። ውሃው በየሳምንቱ አንድ አንድ ዲግሪ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ሰኔ መጨረሻ ላይ ውሃውን የቻላችሁትን ያህል አሙቃችሁ ግቡ፤ ጣሪያው ላይ ጥቁር የውሃ ጎማ ጠምዝዛችሁ ውሃ ብታዞሩበት ፀሐይ በወጣ ቁጥር ያግዛል። ከተቻለ በግድግዳው ውጭ በኩል ትኩስ የፈረስ ወይም የበግ ፍግ ከጭድ ጋር ከምሩ፤ ሲብላላ ለሳምንታት ሙቀት ይሰጣል።

መኖውንም ቀንሱ። ውሃው በወረደ ቁጥር ዓሣው ያንሳል የሚበላው። ያልተበላ መኖ በዘገየ ባክቴሪያ ላይ ሲጨመር አሞኒያ ነው። ካርፕ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን በሁለት ቀን አንዴ ጥቂት፣ ከ10 በታች ሲሆን ምንም።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለክፉ ቀን ይኑር። 2,000 ሊትሩን በአንድ ዲግሪ ለማንሳት 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በዚህ አስሉት።

ከሰል ግን በፍጹም። ውርጩ ሲያስጨንቅ ምድጃ አስገብቶ ዘግቶ የማደር ሐሳብ ይመጣል። የታሸገ ቤት ውስጥ የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል። ጠዋት መጋረጃ ልትከፍቱ የምትገቡት እናንተ ናችሁ፤ ወይም ልጃችሁ ነው።

ቀን መቁጠሪያው

ግንባታውን መስከረም ላይ ጀምሩ፣ ዝናቡ ሲያባራ። ጥቅምት ውስጥ ፕላስቲኩ ይልበስ፣ ውሃው ይሞላ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አየር እየነፋችሁበት ሁለት ቀን አቆዩት። ከዚያ ከኅዳር እስከ ጥር ያለ ዓሣ አሠሩት።

ይሄ ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ ሁሉ ተሠርቶ ባዶ ታንከር ማየት። ግን አንድ የውርጭ ወቅት ያለ ነፍስ ማሳለፍ ቤታችሁን ያስተምራችኋል። የት በኩል ነፋስ እንደሚገባ፣ መጋረጃው ስንት ዲግሪ እንደሚያድን፣ ውሃው ንጋት ላይ ስንት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የተሳሳተውን ለማረም የሚሞት የለም።

ባክቴሪያውንም በዚህ ጊዜ ታሳድጋላችሁ። ለ2,000 ሊትር 10 ግራም ዩሪያ አሟሙታችሁ ጨምሩ። ከሚሠራ የዓሣ ኩሬ አንድ ባልዲ ጠጠር ብታገኙ መደቡ ላይ በትኑት። በየሦስት ቀኑ በመለኪያ ፈትሹ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፣ ከዚያ ናይትራይት፣ ከዚያ ሁለቱም ይወርዱና ናይትሬት ይታያል። ሞቃት ውሃ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። 15 ዲግሪ ላይ ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ጠብቁ። ፒኤች ከ6.5 እስከ 7 ይሁን። ባክቴሪያው ሲሠራ ውሃው እየኮመጠጠ ስለሚሄድ በየተወሰነ ጊዜ ጥቂት ኖራ በውሃ በጥብጣችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ፤ በአንድ ቀን ብዙ አይቀየር።

የካቲት ሲጋመስ ሌሊቱ ይላላል። ጫጩቶቹን ያኔ አምጡ፤ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ የዓመቱ ሞቃት ነው፣ ደመናው ሳይመጣ አካል ይገዛሉ። ከሰበታ ስታመጡ ኦክስጅን በተሞላ ፕላስቲክ፣ በጠዋት ጉዞ፣ ፀሐይ ሳያገኛቸው ይሁን። ደርሳችሁ ከረጢቱን ሳትፈቱ ታንከሩ ላይ ለግማሽ ሰዓት አንሳፍፉት። ከዚያ አፉን ፍቱና የታንከሩን ውሃ በጣሳ ጥቂት ጥቂት ጨምሩበት። ጫጩቶቹ ራሳቸው ዋኝተው ይውጡ፤ የከረጢቱን ውሃ ታንከሩ ውስጥ አትድፉት። በዚያ ቀን መኖ አትስጡ። በማግስቱ ጠዋት መጋረጃውን ከፍታችሁ፣ ቴርሞሜትሩን አንብባችሁ፣ በሁለት ጣት የምትቆነጥሩትን ያህል በትኑላቸው።